ከቡሬ የገዛኋት ባለ ጎማ ቤት

ባለቤቴ ካረፈች በሦስተኛው ዓመት ፍኖተ ሰላም ያለውን ቤቴን ለቅቄ መኪና ውስጥ ለመኖር ወሰንኩ። ወሬው ሲሰማ ጎረቤቶቼ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ጠበል ሊያስገባኝ ፈለገ። አላበድኩም ነበር። ለምን እንደወሰንኩ ለመናገር ግን ከሞቷ መጀመር አለብኝ።

ሥራዬ ወፍጮ መጠገን ነበር። ሞተር መፍታትና መግጠም የተማርኩት ወታደር ቤት፣ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። መንግሥት ሲለወጥ እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ባዶ እጄን አገሬ ገባሁ። በዚያ ሰሞን በየገጠሩ የናፍታ ወፍጮ ይተከል ስለነበር ሥራ አላጣሁም። ጅጋ ወፍጮውን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ ይሉኛል፤ ማንኩሳ ድንጋዩ ደነዘ ይሉኛል፤ ሞተሩ አልነሣ ብሎ የሰው እህል የተከመረበት ባለወፍጮ ከመራዊ ድረስ ሰው ይልክብኛል። የመሣሪያ ቦርሳዬን አንግቼ በተገኘው መኪና እሄዳለሁ፤ መኪና የማይገባበት ከሆነ በእግሬ። ሳምንት፣ አንዳንዴም ሁለት ሳምንት እቆያለሁ። ባለቤቴ ወታደር ሳለሁም ስትጠብቀኝ የኖረች ሴት ናት፤ ወፍጮ ጠጋኝ ስሆንም መጠበቋን አልተወችም። አንድ ቀን ብቻ፣ ቀልድ አስመስላ፣ "እኔ እኮ ያገባሁት ባል ሳይሆን መንገድ ነው" አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች።

የታመመችው ሰኞ ነው አሉ። ማክሰኞ ሲብስባት ጎረቤቶቻችን ለአንድ ሾፌር መልእክት ሰጥተው ወደ መራዊ ላኩብኝ። ሾፌሩ ወፍጮ ቤቱን አፈላልጎ ሲደርስ እኔ በዚያው ጠዋት ወደ ሌላ መንደር ወጥቼ ነበር። የት እንደሄድኩ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሞባይል የሚባል ነገር ያኔ በእኛ አገር ገና አልታወቀም። ሐሙስ አረፈች፤ በዚያው ቀን ተቀበረች። እኔ የደረስኩት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ለእሷ ብዬ የገዛሁትን ድንች በጆንያ ተሸክሜ ሠፈራችን ስገባ ድንኳን ተተክሎ አየሁ። የጎረቤት ልቅሶ መሰለኝና በር ላይ ያገኘሁትን ሰው፣ "ኧረ ማን ነው የሞተው?" ብዬ ጠየቅሁት።

ሰውየው ጆንያውን ከጀርባዬ አወረደው፣ ከዚያ የመሣሪያ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ላይ አወለቀልኝ። ያኔ ገባኝ።

እስከ አርባዋ ድረስ ቤቴ ሰው አልተለየውም። ከተዝካሩ በኋላ ግን ሁሉም ወደየቤቱ ገባ፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። አንዲት ልጃችን ደብረ ማርቆስ መምህርት ናት፣ እዚያው አግብታለች። እኔ ሥራ ውዬ፣ ሳምንት ቆይቼ ስመለስ፣ ቁልፉን ከውጭ እከፍታለሁ። ከእሷ ጋር ስኖር ያን በር አንድ ቀንም ከውጭ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ወንበሩ ላይ አቧራ ተኝቷል። ያለፈው ሳምንት ብርጭቆ ባስቀመጥኩበት ተቀምጧል። ሌሊቱን ሳልተኛ አነጋለሁ፣ ሲነጋ ጠጋኝ የፈለገ ሰው በመጣ እያልኩ መንገድ መንገዱን አያለሁ። ሰው ካልመጣ ሳይጠሩኝ እሄዳለሁ።

እንዲህ እያልኩ ሦስት ዓመት ገፋሁ።

ቡሬ አጠገብ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበር። ሥራው አልቆ ሠራተኛው ከተበተነ በኋላ አንድ ዘበኛ፣ ጥቂት የተበላሹ ማሽኖችና ሁለት ካራቫኖች ቀርተው ነበር። ካራቫን ማለት መሐንዲሶቹ የሚያድሩበት፣ ጎማ ላይ የተቀመጠ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ በማሽን እየተጎተተ ሥራው ወደሄደበት ይሄዳል። አንድ ቀን በዚያ አካባቢ ወፍጮ ጠግኜ ወደ ቡሬ በእግሬ ስመለስ ዝናብ ያዘኝ። ዘበኛው ጠራኝና ካራቫኑ ውስጥ አስገባኝ። ጠባብ አልጋ፣ ከግድግዳ ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ አንዲት መስኮት። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። "ጋደም በል፣ እስኪያባራ" አለኝ። ጋደም አልኩ። ስነቃ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር፤ አራት ሰዓት ሙሉ ተኝቻለሁ። እሷ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

ዘበኛው፣ "ደክሞህ ኖሯል" አለ።

"ይኼ ነገር ይሸጣል?" አልኩት።

"ይሸጥ ይሆናል። ግን ምን ያደርግልሃል? ጎታች ይፈልጋል። ጎታቹ ከሄደ ባለህበት ቀረህ ማለት ነው።"

እውነቱን ነው። ሐሳቡ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተወኝም። ቤቴን ይዤ የምዞር ከሆነ የምመለስበት ቤት አይኖርም፤ የምመለስበት ቤት ከሌለ ደግሞ ዘግይቼ የምደርስበት ቤት የለም። እንዲህ ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሰው የምሰጠው ምክንያት፣ "የአልጋ ቤት ትኋን ሰለቸኝ" የሚል ነበር።

መጀመሪያ የነገርኳቸው የንስሐ አባቴን ነው። ቅኔ አዋቂ ሰው ናቸውና ነገር በቀጥታ አይወጣቸውም። መቋሚያቸውን ተደግፈው ካዳመጡኝ በኋላ፣ "ልጄ፣ ቤት ሲነድ አይቻለሁ፤ ቤት ሲነዳ ግን አላየሁም" አሉ። ቀጥለውም፣ "ጠበሉንስ የት ልርጨው? በጎማው ላይ?" አሉኝ።

"በመጣሁ ጊዜ ይረጩልኛል፣ አባቴ።"

"መምጣቱን ከመጣህ መልካም" አሉ።

እድሩ ግን እንዲህ በቀላሉ አልለቀቀኝም። ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ በተሰበሰብንበት የእድሩ ዳኛ ጉዳዩን አነሡት። "ወንድማችን የኪራይ ቤቱን ለአከራዩ ሊያስረክብ ነው አሉ። እንግዲህ ሞት የማይቀር ነው፤ እግዜር ያርቀውና ያ ቀን ቢመጣ ድንኳኑን የት ነው የምንተክለው?"

"መኪናው በቆመበት ነዋ!" አለ አንዱ።

"መኪናው ጅጋ ቢቆምስ? ሃምሳ ሰው ድንኳን ተሸክሞ ጅጋ ሊወርድ ነው?"

ተሳሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም፤ እድር ያለ በር አይሆንም። በመጨረሻ አንዲት ጎረቤታችን፣ ባለቤቴን ያጠበችና የገነዘች ሴት፣ ከሴቶቹ በኩል ተነሣችና፣ "እኔ በር ላይ ይተከላል። ከእንግዲህ አትጨቃጨቁ" አለች። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ልጄ ዘንድ ደብረ ማርቆስ ሄጄ ስነግራት አለቀሰች።

"ከእኔ ቤት መኪና ተሻለዎ፣ አባባ? ክፍል አዘጋጅቼልዎታለሁ። ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ምንም አይልሽ። እኔ ሥራዬ እዚያ ነው።"

"ሥራውን ይተዉታ!"

"ሥራውን ትቼ ምን ልሁን?" አልኳት። ስወጣ የራሷን ብርድ ልብስ አጣጥፋ ሰጠችኝ፣ እየተቆጣች።

እንግዲህ መኪና መምረጥ ጀመርኩ። ቁመቴ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ከግቢዬ ሸንበቆ ቆርጬ በቁመቴ ልክ፣ ከአናቴ አንድ ስንዝር አስበልጬ ለካሁ። መኪና አለ በተባልኩበት ሁሉ ያን ሸንበቆ ይዤ እሄዳለሁ። ሰዎች ከብት ሊነዳ የመጣ ይመስላቸው ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት መራዊ የነበረ አሮጌ አምቡላንስ ነው። አንድ የእህል ነጋዴ ከጨረታ ገዝቶት ቦቆሎ ሊጭንበት አስቦ ጠብቦት ትቶታል። ሞተሩን አስነሣሁት፤ ደህና ነበር። ሸንበቆዬን ውስጡ ላቆመው ስል ግን ግማሹ ውጭ ቀረ።

"ቆሜ ሱሪ የማልታጠቅበት ቤት ምን ቤት ነው?" አልኩት።

"ተኝተው አይደል የሚኖሩበት?" አለኝ ነጋዴው። ይህ ሰው ክፉ ማለቱ አልነበረም። ነገር ግን ያ መኪና ሰው ተኝቶ ብቻ የሚሄድበት እንደነበር ትዝ አለኝና ቶሎ ዘጋሁት።

ሁለተኛው እዚያው ፍኖተ ሰላም፣ ኋላው በቆርቆሮ ሣጥን የተዘጋ የጭነት መኪና ነበር። ይህ ቁመቴን ይበቃል፤ ሸንበቆዬም እየተንጎራደደ ገባ። ባለመኪናው መስኮት ባስቆርጥ፣ ወለሉን ጣውላ ባለብስ፣ ምን የመሰለ ቤት እንደሚወጣው ሲነግረኝ ቆየ። "እስቲ ዝጋብኝ" አልኩት። በሩን ከውጭ ዘጋው። ጨለማው ውስጥ ቆምኩ። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም፤ ሲከፍተው ፊቴ ላይ ምን እንዳየ እንጃ፣ ስለ መኪናው አንድም ቃል ሳይጨምር ውኃ አመጣልኝ።

ሦስተኛዋን የሰማሁት ከአንድ የቡሬ ሾፌር ነው። ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ፣ አልፎም ወደ ወለጋ ትመላለስ የነበረች ትንሽ አውቶቡስ አለች፤ ባለቤቷ ሾፌር ከሞተ ወዲህ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ሚስቱ ትሽጥ አትሽጥ አይታወቅም አለኝ። ሸንበቆዬን ይዤ ሄድኩ።

ግቢው ከከተማው ዳር ነው። አውቶቡሷ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ቀለሟ ሰማያዊ ነበር፣ ፀሐይ አደብዝዞታል። በሩን ስከፍት የበርበሬ ሽታ አስነጠሰኝ። ወንበሮቹ ላይም መሐል መተላለፊያውም ላይ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጥቁር የለበሰች ሴት ከቤት ወጣች።

"እንደምን ዋሉ" አለች። "ፀሐይ እያገኘ ዝናብ አይነካውም፤ ለበርበሬ እንደሷ ያለ የለም።"

ሸንበቆውን አቆምኩ። ጫፉ ጣሪያውን ሊነካ ጣት ሲቀረው ቆመ። ከኋላ እስከ ፊት ዐሥራ አንድ እርምጃ። መስኮቶች በሁለቱም ጎን። ሞተሩን ከፍቼ አየሁት፤ አይጥ ከበላው ሽቦ በቀር የማይጠገን ነገር አልነበረውም።

"ምን ሊያደርጓት ነው? ሰው ሊጭኑባት?" ስትል ጠየቀችኝ።

"ልኖርባት ነው፣ እመት።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን።"

በርበሬውን በእጇ ገለበጥ ገለበጥ አደረገችና፣ "እንግዲያ አትሸጥም" አለች። "እሷ ሰው የለመደች መኪና ናት።"

ሁለተኛ ሄድኩ። ቡና ጠጡ ብላ አስገባችኝ፤ ስለ አውቶቡሷ አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። ስለ ባሏ ግን ነገረችኝ። ልጆች ካደጉላት በኋላ ቤት መቀመጥ ሰልችቷት አብራው መጓዝ ጀምራ እንደነበር፣ በረሃውን ወርዶ እስኪወጣ ድረስ እያወራችለት እንቅልፍ ታስጥለው እንደነበር። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ መንገድ ላይ ስኖር ባለቤቴን አንድ ቀን እንኳ፣ ለአንዲት ጉዞ እንኳ፣ አብረሽኝ ነይ ብያት እንደማላውቅ ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ለምን እንዳላልኳት አላውቅም። አስቤው አላውቅም ነበር።

በወሩ በዚያው ሾፌር ላከችብኝ። ስደርስ ሸንበቆዬን አልያዝኩም። "ልጆቼ ቆርጠው ቆርቆሮዋን ሊሸጡት ነው" አለችኝ። "ከምትቆረጥስ እርስዎ ይኑሩባት። አንድ ነገር ግን ልለምንዎት። ከሾፌሩ ኋላ ያለችውን ወንበር አይንቀሏት። እዚያ ነበር የምቀመጠው።"

"አልነቅላትም" አልኳት።

ሽቦውን ለውጬ፣ ጎማ አስነፍቼ፣ ባትሪ አስገብቼ ያስነሣኋት ቀን ግቢው በጢስ ተሞላ። ልወጣ ስል ነጠላዋን አጣፍታ መጣችና፣ "እስከ ድልድዩ ይውሰዱኝ" አለች። ያቺ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በከተማው መሐል ስናልፍ ሰው ቆሞ ያየን ነበር። እኔ በመስታወት አላየኋትም፤ ላያት አፈርኩ። ከከተማው መውጫ ድልድዩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ወረደችና በሾፌሩ መስኮት በኩል መጥታ፣ "ፍሬን ሲይዙ ወደ ግራ ትስባለች። ቀስ ይበሉላት" አለች። ከዚያ ዞራ ወደ ከተማው በእግሯ ተመለሰች። እስክትሰወር ድረስ ሞተሩን አላስነሣሁም።

አናጢና በያጅ ተከራይቼ ሦስት ሳምንት ሠራን። ከኋላ አልጋ፣ ከአልጋው ሥር የመሣሪያ ሣጥን፣ ከጎን ቡታጋዝ የሚቀመጥበት በቆርቆሮ የተለበጠ ጠረጴዛ። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ጀሪካን ውኃ። ከፊት በኩል ስድስት ወንበር ተውኩ፤ አናጢው፣ "ብቻህን አይደለህ? ስድስት ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። እንጃ አልኩት። የቤቴን ቁልፍ ለአከራዬ ባስረከብኩ ቀን ከዕቃዬ ውስጥ የማይገባውን ለጎረቤቶቼ አከፋፈልኩ። የባለቤቴን ልብስ ለልጄ ላክሁላት።

የመጀመሪያዎቹ ወራት መልካም ነበሩ፤ መዋሸት አልፈልግም። ወፍጮ ቤቱ አጠገብ እቆማለሁ፣ ሞተር ስፈታ ውዬ እጄን ታጥቤ በገዛ አልጋዬ እተኛለሁ። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት አንድ ቀን የላህ ወንዝ ዳር፣ አንድ ቀን የማንኩሳ ሜዳ። ፀሐይ ሲጠና ከወለሉ ስንጥቅ የበርበሬው ሽታ ይነሣና ብቻዬን አነጥሳለሁ፤ ይማርህ የሚል የለም።

ሰው ሁሉ የተሳፋሪ መኪና እየመሰለው መንገድ ላይ እጁን ያነሣልኛል። ስቆምላቸው፣ "ደንበጫ ነህ?" ይሉኛል። አንድ ጊዜ ትራፊክ አስቆመኝ። ሊብሬዬን አገላብጦ አየና ወደ ውስጥ አንገቱን አስገባ። አልጋዬን አየ፣ ድስቴን አየ፣ ሽቦ ላይ የሰቀልኩትን ካልሲ አየ።

"ተሳፋሪው የት አለ?"

"እኔ ነኝ።"

"ሾፌሩስ?"

"እሱም እኔ ነኝ።"

ወጣት ልጅ ነበር። ሊቆጣ ፈልጎ ሳቁ አመለጠው። "ይሂዱ፣ አባት" ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ።

ያላሰብኩት ነገር ቀስ ብሎ ነው የመጣ። ቤት ሳለሁ ብቻዬን ብሆንም ሰው በአጥሩ ሲያልፍ፣ "ቤቶች! እንዴት ዋላችሁ?" ይላል። አንዱ እሳት ሊጭር ይመጣል፣ አንዱ ወንፊት ሊዋስ። መኪና ግን ሰው አያንኳኳም። መኪና የሚሄድ ነገር ነው፤ ሲቆምም ሊሄድ ሲል የቆመ ነው የሚመስለው። ገበያ መሐል ቆሜ ሙሉ ቀን ሰው በመስኮቴ ሥር ሲተላለፍ ሲያወራ ሲጨቃጨቅ እሰማለሁ፤ አንድም ቀና ብሎ "እንዴት ዋልክ" የሚል የለም። ወፍጮ ቤት የሚያውቁኝ ሰዎች እንኳ ምሳ ሲደርስ፣ "ቤትህ ቅርብ ነው" እያሉ ያሰናብቱኝ ጀመር። ድሮ ከእነሱ ጋር ነበር የምበላው።

ከሁሉ የከበደኝ የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። ልጄ ዘንድ ለመሄድ ቅዳሜ ተነሥቼ ጅጋ ሳልደርስ የራዲያተሩ የውኃ ጎማ ተቀደደ። ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ተዘግቷል፤ ባለ መኪናውም ወደየቤቱ ገብቷል። የትንሣኤ ጠዋት መንገድ ዳር ነጭ ለብሰው የሚያልፉትን እያየሁ አንድ ቁራሽ ዳቦ ከቅቤ ጋር በላሁና ጾሜን ፈታሁ። "እንኳን አደረሰህ" ያልኩት ለራሴ ነው፤ ድምፄ ቆርቆሮው ውስጥ ሲመለስብኝ ደነገጥሁ። ከዚያ ወዲያ ለራሴ ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ማብቂያ ላይ ነው፤ ከማንኩሳ ወደ ቡሬ ስሄድ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው የለበሱ ስድስት ሰባት ሴቶችና ሁለት ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ቆመው እጃቸውን አነሡ። ቆምኩ። አንደኛው ሽማግሌ ቀርበው፣ "ወንድሜ፣ ቀብር ልንደርስ ነው። ይህቺ ሴት ከወለጋ ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ መጥታ እህቷ ልትቀበርባት ነው። መኪና አጣን። ስለ ማርያም ብለህ" አሉኝ።

ከመሐል ያለችው ሴት አታለቅስም። አቧራ ለብሳ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ መንገዱን ብቻ ነው የምታየው። "ይግቡ" አልኩ። ስድስቱ ወንበር ሞላ፣ የቀሩት አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። ያቺ ሴት ከእኔ ኋላ ካለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ትንሽ እንደሄድን፣ "ይደርሱልኛል?" ስትል ሰማኋት። "አይቀብሯትም አይደል?"

"እንደርሳለን" አልኳት። እንደማንደርስ አላውቅም፤ እንደምንደርስም አላውቅም ነበር።

ከአስፋልቱ ወጥተን በጋሪ መንገድ መግባት ነበረብን። ክረምቱ መንገዱን በልቶታል። ሌላ ቀን ቢሆን በዚያ ላይ አንድ እርምጃ አላስኬዳትም። አንድ ቦታ ጎማው ሰመጠ፤ ሴቶቹ ሳይቀሩ ወርደው ገፉ፤ እጃቸውም ነጠላቸውም ጭቃ ሆነ። ድስቴ ወድቆ ይንከባለላል፤ ከመደርደሪያዬ የተረፈ ነገር የለም። ቤተ ክርስቲያኑ ያለበት ኮረብታ ሥር ስንደርስ ሞተሩ እየፈላ ነበር፤ አልቆምኩም። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ፍትሐቱ አልቆ አስከሬኑን ወደ መቃብሩ ሊወስዱ አንሥተውት ነበር። ሴትዮዋ ከቆመ መኪና አልወረደችም፤ ሳይቆም ዘለለች። "እህቴን!" ስትል ሁሉም ቆመ። መንገድ ለቀቁላት። ቃሬዛውን አወረዱላት።

እኔ አውቶቡሷን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ያን ዓርብ ሰው ይዞኝ፣ ሰው ከቦኝ፣ ውኃ እየረጩ ሲያስተዛዝኑኝ እንደሚገባ አላለቀስኩም ነበር፤ ያኔ የተሰማኝ ከሐዘን ይልቅ እፍረት ነበር። አሁን በማላውቃት ሴት ቀብር ላይ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከተሳፋሪዎቼ አንዱ የነበሩት ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

"ታውቃት ኖሯል?" አሉኝ።

"አላውቃትም፣ አባቴ።"

ቀብሩ ሲያበቃ በእጄ ይዘው ድንኳኑ ውስጥ አስገቡኝ። ቦታ ለቀቁልኝ፣ ንፍሮ በእጄ አደረጉልኝ። ማን እንደሆንኩ ማንም አልጠየቀኝም፤ በልቅሶ ቤት ሰው ሰው ነው። እስከ ማታ ተቀመጥኩ። ስወጣ ያቺ ሴት እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። "እኔ ነኝ የማመሰግንሽ" አልኳት፤ አልገባትም። እኔም አላስረዳኋትም።

በማግስቱ ሥራዬን ትቼ ፍኖተ ሰላም ገባሁና ባለቤቴ ካረፈችበት ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ አውቶቡሷን አቆምኩ። ሳምንት ሙሉ እዚያ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት መቃብሯ ጋ ሄጄ እቀመጥ ነበር። ሣሩን ነቀልሁ፣ የወደቀውን ድንጋይ ደረደርሁ። የነገርኳት ነገር አለ፤ እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል ኖርኩባት። ብቸኝነቱ ቀረ ብል ውሸት ነው። ነገር ግን እጅ ያነሣልኝን ሰው ሁሉ ማሳፈር ጀመርኩ፤ እስከ ማንኩሳም ይሁን እስከ ደንበጫ። ክፍያ ስል አይደለም፤ ከኋላዬ ሲያወሩ እንድሰማ ነው። አንዳንዱ ሲወርድ፣ "ቤትህን እግዜር ይባርክልህ" ይለኛል፤ ያ ቀን በጎ ይሆንልኛል። ከዚያ ዞር ስል ወንበሮቹ ባዶ ናቸው።

በመጨረሻ ዓይኔን ሞራ ያዘው። አንድ ጠዋት መንገድ ላይ የቆመች ላም ያየኋት ልደርስባት ጥቂት ሲቀረኝ ነበር። ፍሬን ያዝኩ፤ ወደ ግራ ሳበችኝና ቦይ ውስጥ ገባን። ላሟም እኔም ተረፍን። የዚያን ቀን ለልጄ ስልክ ደወልኩላት፤ ያኔ ሞባይል ነበረኝ። "ያቺ ክፍል አለች?" አልኳት። "አለች፣ አባባ" አለችኝ።

አውቶቡሷን ደብረ ማርቆስ ድረስ አማቼ ነዳት። ከልጄ ደጃፍ ሁለት ወር ቆማ ቆየች። ገዥዋ የጅጋ ሰው ነው፤ ሻይ ቤት ላደርጋት ነው አለኝ። ዕቃዬን በሙሉ አወረድኩ፤ ከአልጋዬ ሥር የመሣሪያ ሣጥኑን ሳወጣ የአንድ የተበጠሰ ቺንጋ ቁራጭ አገኘሁ፤ ለምን እንዳስቀመጥኩት ማስታወስ አልቻልኩም። ሰውየው ሞተሩን አስነሥቶ በአስፋልቱ ወረደ። ዓይኔ ከዚያ ርቀት ሰማያዊ ነገር ብቻ ነበር የሚያየው፤ ከመታጠፊያው አለፈ፣ ከዚያ ሰማያዊውም ጠፋ።

ደመናው ከብዶ ነበር። ልጄ ትምህርት ቤት ናት፣ ልብስ አጥባ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ሰቅላዋለች። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲወድቁ እየዳሰስኩ አንድ በአንድ ሰበሰብኩትና ይዤ ገባሁ።